«ቢቲኤስን ለእህቴ ከየት ልጀምርላት?»

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የእኔ ጥያቄ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ቀላል ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን ቀላል አልሆነልኝም።

25 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬያለሁ። የኮሪያዎቹ የሙዚቃ ቡድን የቢቲኤስ አድናቂ ነኝ። አድናቂዎቹ እንደምንባለው አርሚ ነኝ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ገብቶ ካምፓስ ሲዘጋ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ቤት ተቀመጥኩ። ያኔ ምን ውስጥ እንደነበርኩ ማንም አያውቅም፣ እሱን ልተወው። የዶርም ጓደኛዬ ዘፈኖቻቸውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከእነሱ አልተለየሁም።

ችግሬ ይህ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ሲሰበሰብ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ቪዲዮዎቻቸውን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል አሳየኋቸው። በየመሃሉ እያቆምኩ «ይሄ አርኤም ነው፣ መሪያቸው፤ ይሄ ጂን ነው፣ ትልቁ» እያልኩ ሳስረዳ የአክስቴ ልጅ «ቆይ፣ እነዚህ ወንዶች ናቸው ሴቶች?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሁሉም ሙድ ያዙብኝ። እማዬ «ልጄ፣ እኛ ዘፋኝ አጥተን ነው?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አምልኮ ሆነብሽ እኮ» አለችኝ። ይሄኛው ከሁሉም በላይ አመመኝ። ክፍሌ ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ የሰባቱ ፖስተር አለ፤ እሱን እያሰበች ነው። የእማዬ አጎት እኮ የኮሪያ ዘማች ነበሩ፤ ፎቷቸው ሳሎን ተሰቅሏል። ያም ሆኖ «ኮሪያ» ስላት ፊቷን ታዞራለች። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ታላቅ እህቴ ያን ቀን አልነበረችም። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ከሄደች ዓመታት ሆኗታል። አሁን ለዕረፍት መጥታለች፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ትመለሳለች። ባለፈው ሰሞን «ሳልሄድ እስቲ ያን ነገርሽን በደንብ አሳይኝ» አለችኝ። እማዬ ነግራት አዝናልኝ ይሁን አላውቅም። እሷ የምትሰማው ጂጂን ነው። 42 ዘፈኖች መርጬ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ ያገኟቸውን ሽልማቶችም ጽፌያለሁ። ግን እፈራለሁ። እሷም ከሳቀችብኝ አልችልም። ከየት ልጀምርላት? ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ በእንዲህ ያለ ነገር መጎዳቴ ልክ ነው?

ሕ. ከአዲስ አበባ


መልስ

ውድ ሕ.፣

መጎዳትሽ ልክ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ይዞ ዘመድ ፊት ሲቆም ራሱን ይዞ ነው የሚቆመው። የሳቁት በቪዲዮው ቢሆንም ሳቁ ያረፈው አንቺ ላይ ነው። በ25 ዓመትም በ50 ዓመትም ያማል። የዕድሜውን ነገር እርሺው።

ስለዚያ ቀን ግን ትንሽ እናውራ። በዓል ነበር። ዶሮ ተበልቷል፣ ቡና እየተፈላ ነው፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ሰው የመጣው እርስ በርስ ሊጫወት ነው። በዚያ መሃል ቴሌቪዥኑ ላይ የማያውቋቸው ሰባት ልጆች፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በየዘፈኑ የፀጉር ቀለም እየቀየሩ ይመጡባቸዋል። አንቺ ስም ትነግሪያቸዋለሽ። ስሙን ሳይዙት ባለሮዙ ፀጉር ሰማያዊ ሆኖ ብቅ ይላል። ግራ የገባው ሰው ደግሞ ይስቃል። የአክስትሽ ልጅ በየቤቱ ከማይጠፉት ዓይነት ይመስለኛል፤ ዝምታው ሲረዝም ቀልድ ጣል የሚያደርግ። ሊያዋርድሽ አስቦ የተናገረው አይመስለኝም።

ከመጀመሪያው መጀመርሽም የራሱ ጣጣ ነበረው። የመጀመሪያ ዘፈናቸው «ኖ ሞር ድሪም» እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ሲወጣ የሰባቱ ትንሹ ጃንግኩክ ገና 15 ዓመቱ ነበር። ጥቁር ልብስ፣ ወፍራም የአንገት ሰንሰለት፣ ዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ኩል፣ ተማሪውን በሕልሙ ጉዳይ የሚያፋጥጥ ራፕ። አንቺ ያንን ስታዪ አንጀትሽ የሚላወሰው የት እንደደረሱ ስለምታውቂ ነው። ያኔ ቢግ ሂት የሚባለው ድርጅታቸው ትንሽ እንደነበር፣ ሰባቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ይተኙ እንደነበር፣ የኮሪያን የሙዚቃ ገበያ ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ይዘውት እንደነበር ታውቂያለሽ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ያ ቪዲዮ ያስለቅሰዋል። የማያውቅ ሰው የሚያየው ግን የሚጮሁ ጎረምሶችን ነው። በቅደም ተከተል ማየት አስቀድሞ ለወደዳቸው ሰው ነው እንጂ ለእንግዳ አይሆንም።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። «አዝናልኝ ይሁን አላውቅም» ብለሻል። ብታዝንልሽስ? እህት ለእህቷ ማዘኗ ምን ነውር አለው? የዓመት ፈቃድ አጭር ነው። የሚጠየቅ ዘመድ አለ፣ የሚቋጠር በርበሬና ሽሮ አለ፣ ከእሷ ጊዜ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ሁሉ መሃል ለአንቺ ጊዜ ልትሰጥ ፈልጋለች። ቃሏን እንዳለ ተቀበያት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ይህ ሁሉ ሲያበቃ እህትሽ ምን እንድትሆንልሽ ነው የምትፈልጊው? አርሚ? ወይስ አንቺን በደንብ የምታውቅ እህት? መልስሽ የምታዘጋጂውን ነገር ሁሉ ይቀይረዋል። ይህን የምጠይቅሽ ደብዳቤሽን ደግሜ ካነበብኩት በኋላ ነው። 42 ዘፈን ቆጥረሻል። ሽልማቶቹን ጽፈሻል። የኮሮናውን ጊዜ ግን «እሱን ልተወው» ብለሽ አለፍሽው። ለእኔ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ የተውሽው ቦታ ላይ ነው።

እስቲ በቤተሰቦችሽ ዓይን እዪው። ሰባት ኮሪያውያን ድንገት በልጃቸው ሕይወት ውስጥ ገቡ። ግድግዳው ላይ ወጡ፣ ጆሮዋ ውስጥ ገቡ፣ ከአፏም አልጠፋ አሉ። ለምን እንደመጡ ግን ማንም አልነገራቸውም። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው የራሱን ምክንያት ይፈልጋል፤ እናትሽም ያገኙት «አምልኮ» የሚለውን ነው። ከዘፈኑ በፊት እህትሽ መስማት ያለባት ያንን ምክንያት ነው።

ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ካምፓስ ተዘግቶ ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ በጣም ከፍቶኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ያኔ የእነዚህን ልጆች ዘፈን መስማት ጀመርኩ። ቀኑን የሚያሳልፉልኝ እነሱ ነበሩ። ለዚህ ነው የምወዳቸው።» በቃ። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽና በራስሽ ቃል አድርጊው። ስትነግሪያትም ስልኩ እጅሽ ላይ አይሁን።

በኅዳር 2013 ዓ.ም «ላይፍ ጎዝ ኦን» ሲወጣ እንዴት እንደሰማሽው ብትነግሪያትም ጥሩ ነው። ዓለም በሯን ዘግታ በተቀመጠችበት ሰዓት፣ እነሱም የዓለም ዙሪያ ኮንሰርታቸው ቆሞባቸው ሴኡል በተቀመጡበት ጊዜ የሠሩት ዘፈን ነው። እህትሽ ያኔ ዱባይ ከነበረች እንግዳ የሌለበት ሆቴል ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ሥራዋን ታጣ ይሆን ብላ እንቅልፍ አጥታም ይሆናል። ለእናንተ ግን «ደህና ነኝ» እያለች በስልክ ስቃ ይሆናል። አንቺ ስትነግሪያት እሷም የምትነግርሽ ነገር ሊኖር ይችላል። «አንቺስ ያኔ እንዴት ነበርሽ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ መልሱ ከረዘመ ዘፈኑ ለሌላ ቀን ይተላለፍ፣ ምንም አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበልሽ። ያ ጊዜ ዛሬም ተመልሶ የሚመጣብሽ ከሆነ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ወይም መኖሩን የሚያስጠላሽ ከሆነ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ዘፈኑ ይዞሽ ቆይቷል፣ ጥሩ አድርጓል። የሚሰማሽና የሚጠይቅሽ ሰው ግን በዘፈን አይተካም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፤ ከየት ትጀምሪ? ከጂጂ ጀምሪ። የምሬን ነው። አንድ ማታ እህትሽን «ከጂጂ ዘፈኖች ዱባይ ሆነሽ አብዝተሽ የምትሰሚው የትኛውን ነው? መቼ መቼ ነው የምትሰሚው?» በያት። አብራችሁ ስሙት። ከሥራ ስትመለስ በሠራተኛ ማደሪያው ነው? አውቶቡስ ውስጥ ነው? ቃላቱ ነው የሚይዛት ወይስ ድምፁ? እህትሽ ከዘፈን የምትፈልገውን ነገር እዚያ ታገኚዋለሽ። ስለ ራሷ የተጠየቀ ሰው ደግሞ ሌላውን ለመስማት ጆሮው ይከፈታል። ይህን ብልሃት ብለሽ አትያዥው፤ እውነት ለማወቅ ፈልገሽ ጠይቂያት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቪዲዮ ብቻ አሳያት። እኔ ብሆን የምመርጠው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ለአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮ «ታይኒ ዴስክ» ዝግጅት የቀረጹትን ነው። ርዝመቱ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። አንቺ ሳታዪው አትቀሪም፤ በእንግዳ ዓይን ግን አላየሽው ይሆናል። ሴኡል ውስጥ አንድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ቤት ነው። ከኋላቸው መደርደሪያ፣ አጠገባቸው ከበሮና ጊታር የሚጫወት ባንድ። ርችት የለም፣ መድረክ የለም፣ ልብስ እየተቀየረ ዓይን አይምታታም። ሰባቱም ባንድ ቦታ፣ ባንድ ልብስ እስከ መጨረሻው ይታያሉ። ለእንግዳ ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ፊት ለመለየት ጊዜ ይሰጣል። ድምፁም በቀጥታ የሚዘፈን ስለሆነ «ይዘፍናሉ ወይስ አፍ ነው የሚያንቀሳቅሱት?» ብሎ የሚጠረጥርን ሰው ዝም ያሰኛል።

አሰላለፉም ለአንቺ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ «ዳይናማይት» ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዲስኮ ነው። እህትሽ ሆቴል ስለምትሠራ እንግሊዝኛው አይከብዳትም፤ ምን እያሉ ነው የሚለው ጭንቀት ከመነሻው ይቀላል። ቀጥሎ «ሴቭ ሚ» ይመጣል። መጨረሻ ላይ «ስፕሪንግ ዴይ»። እኔ እህትሽን እንድታደርሺያት የምፈልገው እዚያ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ ጀምሮ ለዓመታት ከኮሪያ የዘፈን ሰንጠረዦች አልወርድ ያለ ዘፈን ነው። የተለየን ሰው ስለ መናፈቅ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲመጣ እንገናኛለን ብሎ ስለ መጠበቅ። ብዙ ኮሪያውያን እ.ኤ.አ. በ2014 በሴዎል መርከብ አደጋ ካለቁት ተማሪዎች ጋር አያይዘው ይሰሙታል። ያንን አሁን አታንሺባት፤ ከወደደችው ሌላ ቀን ትነግሪያታለሽ። ከቤቷ ርቃ ለምትኖር ሴት ናፍቆት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የትርጉሙን ነገር አስቀድመሽ ጨርሽው። የእንግሊዝኛ ትርጉም ከሥር ይምጣ፣ ግን እሱን ማንበብ ላይ ከተጠመደች ድምፁ ያመልጣታል። ስለዚህ «ስፕሪንግ ዴይ» ከመድረሱ በፊት፣ ቪዲዮውን ሳትከፍቺ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩን በአማርኛ ንገሪያት። ከዚያ ዝም በይ። መሃል ላይ አታቁሚ። «አሁን! አሁን ተመልከቺ!» አትበያት። ይህ ለአንቺ ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቷን አትቃኚ። የምንወደውን ነገር ለሰው ስናሳይ ዓይናችን ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ሰውየው ላይ ይተከላል፤ ፈገግ አለ ወይ፣ ሰለቸው ወይ እያልን። ሰውየውም ይታወቀዋል፤ ይጨነቃል፤ የውሸት ፈገግ ይላል። አንቺም ዘፈኑን ስሚ።

ዝግጅቱን ቀለል አድርጊው። ቪዲዮውን በፊተኛው ሌሊት አውርጂው፤ መሃል ላይ ዳታ አልቆ የምትዞር ክብ ብቻ ስትቀር ስሜቱ ሁሉ ይበተናል። ስልኩን ቻርጅ አድርጊ፣ የመብራት ነገር አይታወቅም። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ካለሽ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እሱን ተካፈሉት፤ አንዱን እሷ፣ አንዱን አንቺ። ለሁለት ሰው ቴሌቪዥን አያስፈልግም፤ እሱ ከተከፈተ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰብበታል። የአክስትሽ ልጅ በዚያ ቀን ባይኖር ይመረጣል።

ሲያልቅ ዝጊው። ሁለተኛ አታስከትዪ። ይህን በደንብ ያዢልኝ፣ ምክንያቱም እህትሽ «ደስ ይላል» ካለች የቀሩት ዘፈኖች እጅሽን ያሳክኩሻል። «እንዴት ነው? ወደድሽው?» ብለሽም አታጣድፊያት። ቡናችሁን ጠጡ። የሆነ ነገር ከነካት ራሷ ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀውም ስለ ሰባቱ ሳይሆን ስለ አንዱ ነው። «ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ማነው?» ካለች ስለ ቪ ንገሪያት፤ ስለ ሌሎቹ ስድስት ግን ዝም። «እንግሊዝኛ የሚያወራው የት ተማረው?» ካለች ደግሞ ደህና ታሪክ አለሽ። አርኤም እንግሊዝኛውን የያዘው እናቱ በገዙለት ዲቪዲ «ፍሬንድስ» የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ እያየ እንደሆነ ራሱ በቴሌቪዥን ተናግሯል። ሰው አገር ገብታ ከሥራ ባልደረቦቿና ከቴሌቪዥን ቋንቋ የለቀመች ሴት ይህ ይገባታል። ስለ ሹጋ ከጠየቀች፣ ከዴጉ ከተማ መጥቶ ገና ሠልጣኝ ሳለ ገንዘብ ስላነሰው ምግብ የማድረስ ሥራ ይሠራ እንደነበር፣ በዚያው ሥራ ላይ መኪና ገጭቶት ትከሻው እንደተጎዳ፣ እንዳያባርሩት ፈርቶ ለድርጅቱ እንደደበቀ ንገሪያት። ትከሻው ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ፣ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሠራ ሕመሙን እንዴት እንደሚደብቅ እህትሽ ከአንቺም ከእኔም የተሻለ ታውቃለች።

ሽልማቶቹን ግን ተያቸው። «ዳይናማይት» በአሜሪካው የቢልቦርድ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ የወጣ የመጀመሪያው የኮሪያ ቡድን ዘፈን መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ አንቺም ልትኮሪበት ይገባል። ለአዲስ ሰው ግን ቁጥር ክርክር ይመስላል። «ዓለም ወዷቸዋል፣ አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የማትወጂያቸው?» የሚል ይመስላል። እንደዚያ ብለሽ እንደማታስቢ አውቃለሁ። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ግን እንደዚያ ነው። «ወንዶች ናቸው ሴቶች?» ለሚለውም እንዲሁ ነው። ኮሪያ ውስጥ ወንድ አርቲስት ለመድረክ መኳኳሉ የተለመደ ሥራ ነው፤ ሰባቱም የአገራቸውን ብሔራዊ አገልግሎት ተወጥተው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ጨርሷል። ይህን ዘርዝረሽ የአክስትሽን ልጅ መርታት ትችያለሽ። ግን ተረትቶ ዘፈን የወደደ ሰው አላየሁም። ሲስቅ «አዎ፣ ቆንጆዎች ናቸው» በይውና ቡናውን አቀብዪው።

እህትሽ ባትወደውስ? ሊሆን ይችላል፤ አስቀድመሽ ብታስቢበት ይሻላል። «ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ ግን ለእኔ አይደለም» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ ልብሽ ይወርዳል። ግን ያደረግሽውን ቁጠሪ፤ የከፋብሽን ዘመን ነግረሻታል፣ እሷም ሰምታሻለች። ጂጂን ለምን እንደምትሰማ ነግራሻለች። ዘፈኑን ባትወደው ከዚህ ውስጥ የሚቀንስ የለም። ያን ቀን «እሺ» ብለሽ ማለፍ የሚያስፈራሽ ከሆነ አሁኑኑ ራስሽን ጠይቂ፤ «እነሱን አልወደደችም» እና «እኔን አልወደደችም» የሚሉት ነገሮች የት ላይ ነው አንድ የሆኑብኝ?

የእናትሽ ነገር ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ፖስተሩን ከሥዕሉ አጠገብ አንሺው። ይህን የምልሽ ጣዖት አምላኪ ሆነሻል ብዬ አይደለም። እናትሽ ጠዋት ጠዋት የሚሳለሙት፣ ሲጨንቃቸው የሚቆሙበት ግድግዳ ከሆነ፣ እዚያ አጠገብ ሰባት ዘፋኝ ማየት ያማቸዋል። ሌላ ግድግዳ አለ። ሳይጠይቁሽ፣ ሳትናገሪ አዛውሪው። በጾም ወቅት ቤታችሁ ዘፈን የማይከፈት ከሆነም ያንን አክብሪ። ከአሥር የቢልቦርድ ማስረጃ ይልቅ ይህ ልባቸውን ያሳርፋል። በዚያው ራስሽንም በሐቅ ጠይቂ፤ ለአልበምና ለፎቶ ካርድ የምታወጪው ደሞዝሽን እየነካው ነው? እንቅልፍሽንስ? መልሱ «አይደለም» ከሆነ እሰየው። «ትንሽ» ከሆነ ግን እናትሽ ያዩት ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱን ማስተካከል ደግሞ በእጅሽ ነው።

ለእሳቸው የማሳያት አንዲት ቪዲዮ ብትኖር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በኮሪያው የሜሎን የሙዚቃ ሽልማት ላይ «አይዶል» የሚለውን ዘፈናቸውን ያቀረቡባት ናት። ጄይ-ሆፕ ሦስት ሦስት ከበሮ ከሚመቱ ተወዛዋዦች ጋር ይጀምራል። ጂሚን በማራገቢያ በሚደነሰው የአገራቸው ጭፈራ ይከተላል። ጃንግኩክ በጭምብል ጭፈራ ይመጣል። ከዚያ ሰባቱ ባንድ ላይ ይገናኛሉ። በዘፈኑ ውስጥ ኮሪያውያን በባህላዊ ጨዋታቸው ላይ ዘፋኙን የሚያበረታቱበት ጩኸት አለ፤ እኛ ቤት ጨዋታው ሲደምቅ «እሰይ!» እንደሚባለው ማለት ነው። ትከሻ መውረዱን፣ እግር ከከበሮ ጋር መግጠሙን እናትሽ ሳይነገራቸው ያያሉ። ምንም አታስረጂ። ካልፈለጉም አትለምኚ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አጎታቸው አውሪያቸው። «እማዬ፣ ጋሼ ኮሪያ ሲሄዱ ቤተሰቡ ምን አለ? ሲመለሱ ምን ይዘው መጡ? ምን ያወሩ ነበር?» በያቸው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ነው የሄደው፤ ኮሪያ ደርሶ መጀመሪያ የረገጠው የቡሳንን ወደብ ነው። ጂሚንና ጃንግኩክ የተወለዱት እዚያው ቡሳን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ለብሔራዊ አገልግሎት ከመበተናቸው በፊት ሰባቱ አብረው ያቀረቡት ትልቅ ኮንሰርትም በዚያችው ከተማ ነበር። ይህን እናትሽን ለማሳመን አትጠቀሚበት፤ ፎቶውን እንደ መከራከሪያ ማንሳት ያስቆጣል። የእሳቸውን ታሪክ ጨርሰሽ ስሚ። ስለ ቡሳን የምትናገሪው ነገር ቦታውን ራሱ ያገኛል፣ ባያገኝም ግድ የለም።

ጊዜሽ አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ለእህትሽ ቀን ንገሪያት። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አንቺና እኔ» በያት። «አንድ ሰዓት ብቻ» ማለትሽ ያቀልላታል፤ አንቺንም ይገድብሻል።

የቀሩት ዘፈኖች ለዱባይ ይቆዩ። ሳትሄድ ተስማሙ፤ በሳምንት አንድ ዘፈን አንቺ፣ አንድ ዘፈን እሷ፣ በዋትስአፕ። ከዘፈኑ ጋር ለምን እንደመረጣችሁት የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይኑር። አስደሳቹን ጎናቸውን ማየት ከፈለገች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሠሩት «ራን ቢቲኤስ» የሚባል የጨዋታ ዝግጅታቸው አለ፤ ምግብ ሲያቃጥሉ፣ ሲሸናነፉ፣ ሲጯጯሁ። ከድካም በኋላ ለማየት ቀላል ነው፤ የሰባቱንም ስም ከአንቺ ማብራሪያ ቀድሞ ያስይዛታል። አብረዋት ከሚሠሩት ሴቶች መካከልም አርሚ ብታገኝ አይገርመኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሪያድ ላይ ስታዲየም ሞልተው ዘፍነዋል፣ በዚያ አካባቢ አድናቂያቸው ብዙ ነው። እሷ ከምትልክልሽ የጂጂ ዘፈኖች የማታውቂው ቢኖር ሙሉውን ስሚ፤ የወደድሽበትን ቦታ በደቂቃው ጠቅሰሽ ንገሪያት። ከቅዳሜ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እናትሽ ስለ አጎታቸው የነገሩሽንም ጨምሪበት።